«ብቻዬን ነው የምኖረው» አይበቃም

ታናሽ ወንድሜ ዲቪ ደርሶት ሜሪላንድ የገባው በ19 ዓመቱ ነው። ጥቅምት ውስጥ አንድ ማታ ደሴ ደወለና አባባን፣ «በዓመት ስንት ታገኛለህ? ባንክስ ስንት አለህ?» አለው። አባባ ስልኩን ለኔ አቀበለኝ። «ልጁን ምን ነካው?» አለ።

ልጁን የነካው ፋፍሳ ነው፤ ከአሜሪካ መንግሥት የኮሌጅ ድጋፍ የሚጠየቅበት ቅጽ። ግሪን ካርድ፣ የስደተኛነት ወይም የጥገኝነት ፈቃድ ያለው ይሞላዋል። በተማሪ ቪዛ የሄደ አይመለከተውም።

ወንድሜ ተናዶ ነበር። «እታለም፣ ሌሊት እየሠራሁ ኪራይ የምከፍለው እኔ ነኝ። አባባ ምን ያገባዋል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ቅጹ ማን እንደሚያበላህ አይጠይቅም። ከወላጅ የተለየህ ተማሪ ተብለህ የወላጅ ገቢ የማትጠየቀው በሕግ ከተቀመጡት ምክንያቶች አንዱን ስታሟላ ብቻ ነው።

ዋናው ዕድሜ ነው። ለ2026–27 የትምህርት ዘመን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 በፊት የተወለድክ መሆን አለብህ። በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1995 መሆኑ ነው። ያገባ፣ ማስተርስ የሚማር፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያለ ወይም የነበረም ያልፋል። የራሱ ልጅ ኖሮት ከግማሽ በላይ ወጪውን የሚችልም እንዲሁ። ደሴ ላሉ ታናናሾችህ በየወሩ መላክህ ግን አይቆጠርም፤ አብረውህ አይኖሩማ።

13 ዓመት ከሞላህ በኋላ ሁለቱም ወላጆችህ በሕይወት ያልነበሩበት ጊዜ ካለ፣ በአሳዳጊ ቤተሰብ ወይም በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ከነበርክ ትገባለህ። ያለ ወላጅ ብቻውን ሆኖ ማደሪያ ያጣ ወጣትም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። እናታችን ካረፈች ቆየች፤ አባባ ግን አለ። ስለዚህ ወንድሜ አንዱም ውስጥ አልገባም።

ዝርዝሩ ውስጥ ሳይኖር ወላጆቹን ጨርሶ ማግኘት ያልቻለ፣ ወይም ወደ እነሱ መመለስ አደጋ የሚሆንበት ልጅ አለ። ቅጹ ላይ ስለ ልዩ ሁኔታ የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ «አዎ» በል። ለጊዜው ከወላጅ እንደተለየህ ተቆጥሮ ያልፍልሃል። ከዚያ የኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ማስረጃ ይጠይቃል። ሁኔታህን የሚያውቅ መምህር፣ የሃይማኖት አባት ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ ይጻፍልህ። ወላጅ «አልሞላም» ማለቱ ብቻ ግን አይበቃም። ያኔ የሚቀርልህ ከመጀመሪያው ቀን ወለድ የሚቆጥር ብድር ነው።

አባባ የፈራው ሌላ ነገር ነበር። «ፈርሜ ዕዳ ውስጥ ልግባ?» አለኝ። አብሽር አልኩት። ፊርማው የሰጠሁት መረጃ እውነት ነው ማለት ነው፤ ብድሩን ለመክፈል አያስገድድም።

ወላጅ የራሱን ክፍል እንዲሞላ የሚላክለት ግብዣ የሚመጣው በኢሜይል ነው። አባባ ኢሜይል ኖሮት አያውቅም፤ በስልኬ ከፈትኩለት። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል።    

ለ2026–27 የሚጠየቀው የ2024 ገቢ ነው፤ ቅጹ በሚሞላበት ቀን ምንዛሬ ወደ ዶላር ይቀየራል። የአባባ የጡረታ ብር ዶላር ሲሆን ወንድሜ ስልኩ ላይ ሳቀ። ያ ያሳፈረን ቁጥር ግን ጠቀመው። የወላጅ ገቢ ሲያንስ የማይመለሰው ድጋፍ፣ ፔል ግራንት የሚሉት፣ ከፍ ይላል። የ2025–26 ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር።

ቅጹ በየዓመቱ ይሞላል። የአባባን የይለፍ ቃል የጡረታ ደብተሩ ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ። እንዲህ አታድርጉ እንደሚባል አውቃለሁ፤ እሱ ግን ከዚያ ደብተር ሌላ የማይጥለው ነገር የለውም።