ስቱኮ ከመለጠፋችሁ በፊት፦ እቤት የሰራችሁት እቃ ሲሰነጠቅ፣ ሲወላውል፣ አልሳብ ሲል

እቤቱ እንጨት የሚሰራ ሰው ስቱኮ አያጣም፣ ስንጥቅ ባየ ቁጥር ሰጋቱራና ኮላ ለውሶ የሚደፍንም ሞልቷል። ግን ስንጥቁ የታየበት ቦታና ስንጥቁን ያመጣው ነገር ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ላይ የተሰነጠቀ ጠረጴዛ ጥፋቱ ከስር ያለ ቪስ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጉ፣ መድፈኑ የትም አይሄድም።

የጠረጴዛው ላይኛ ጣውላ መሀሉን ተሰነጠቀ

ገልብጡትና ጣውላው ከእግሮቹ ጋር እንዴት እንደታሰረ እዩ። ኮላ ተቀብቶ ከሆነ ወይም ዙሪያውን በቪስ ጥርቅም ተደርጎ ከታሰረ ምክንያቱ እሱ ነው፣ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። እንጨት ተላግቶ ተቀብቶም ቢሆን እርጥበት መሳብና መተፋቱን አይተውም፣ እርጥበት ሲበዛ ወደ ጎን ይሰፋል ሲደርቅ ይጠባል፣ በርዝመቱ ግን የሚለወጠው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። 1 ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ውስጡ ያለው እርጥበት በ4 በመቶ ሲቀያየር እንደ እንጨቱ ዓይነት 1 ሴንቲሜትር ገደማ ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል። ያንን 1 ሴንቲ ቪሱ ከከለከለው ጣውላው የሚሄድበት የለውም፣ በደካማ ጎኑ ይቀደዳል።

መፍትሄው ቪሶቹን ፈቶ ጣውላውን ነፃ ማድረግ ነው። መሀል ላይ ያሉትን እንዳሉ ተዉአቸውና ወደ ዳር ያሉትን ቀዳዳዎች ጣውላው በሚሰፋበት አቅጣጫ (ማለትም የእንጨቱን ጅማት አቋርጦ ወደ ጎን) በትራፓኖ ሞላላ አድርጉና በሮንዴላ መልሳችሁ እሰሩ፣ ሳታጠብቁት። ከዛ ጠብቁ። አንዳንዱ ስንጥቅ ጭንቀቱ ሲለቀው ራሱ ይዘጋል። ያልተዘጋውን ከዛው እንጨት ቀጭን ሽብልቅ ልጣችሁ በኮላ አስገቡና ከላይ ላጉት። ጣውላው እንደታሰረ በደረቅ ወቅት ስቱኮ የሞላ ሰው ግን እርጥበት ሲመጣ ስቱኮው ተገፍቶ ወደላይ ሲወጣ ያየዋል፣ ወይ ደግሞ አጠገቡ አዲስ ስንጥቅ ይከፈታል።

ስንጥቁ ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ እንጨቱ ሳይደርቅ ተሰርቷል ማለት ነው፣ ምክንያቱም እርጥበት ከሁሉም በላይ በፍጥነት የሚወጣው በተቆረጠው አፍ (ጅማቱ በተቆረጠበት ጫፍ) በኩል ነው። ለሚቀጥለው ስራ የእርጥበት መለኪያ ከሌላችሁ የምትሰሩበትን እንጨት ቁራጭ በየሳምንቱ መዝኑት፣ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው፣ ያኔ ስሩት።

ጣውላው ተንጋደደ፣ እንደ ሳህን ጎደጎደ

ሁለት ነገር ጠይቁ። ቫርኒሹን ከላይ ብቻ ቀብታችሁ ስሩን ትታችሁታል? ወይስ ከላጋችሁት በኋላ ስራ ጠረጴዛው ላይ ልጥፍ አድርጋችሁ አሳደራችሁት? በሁለቱም መንገድ አንዱ ገፅ ሲተነፍስ ሌላው ታፍኗል። በቅርብ ቀን የተንጋደደ ከሆነ የጎደጎደውን ገፅ ወደታች አድርጋችሁ ከስሩ አየር በሚያስገባ ዘንግ ላይ አስቀምጡትና ጥቂት ቀን ስጡት፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሲስተካከል ሁለቱንም ፊት እኩል ቀቡ። መላጋት ካለባችሁም ከሁለቱም ፊት እኩል አንሱ፣ ከአንድ ወገን ብቻ ካነሳችሁ እንደገና ይዞራል።

ወንበሩ ይነቃነቃል

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ምስማር ነው የሚያነሳው፣ እባካችሁ አስቀምጡት። ምስማር መጋጠሚያውን ይሰነጥቅና ከዛ በኋላ በደንብ መጠገን ራሱ ከባድ ይሆናል።

የሚነቃነቀውን መጋጠሚያ ቀስ ብላችሁ አላቁትና ወንዴው (ሴቴው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ላይ የቀረውን ኮላ ብርሃን ላይ እዩት። ልሙጥ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ኮላው እንጨቱን መጀመሪያውኑ አልያዘውም፣ ወይ መጋጠሚያው ሰፍቷል ወይ ኮላው ሳይገጠም ፊቱ ደርቋል። ነጭና ዱቄት ዱቄት የሚል ከሆነ ብርድ ላይ ነው የተጣበቀው፣ ነጩ የእንጨት ኮላ በተለምዶ ከ10 ዲግሪ በታች በወጉ አይይዝም። የእንጨቱን ጅማት ቦጭቆ ይዞት ከወጣ ደግሞ ኮላው ስራውን ሰርቷል፣ የተሰበረው እንጨቱ ነው፣ ስለዚህ ለጭነቱ ወፍራም ነገር ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

አዲስ ኮላ በደረቀ አሮጌ ኮላ ላይ አይይዝም፣ ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል ወንበሩም በወሩ ተመልሶ ይመጣል። አሮጌውን በመሮ እስከ እንጨቱ ድረስ ፋቁት። ከዛ ሳትቀቡ በደረቁ ግጠሙት፦ በእጅ ግፊት ወይ በመዶሻ ቀላል ምት መግባት አለበት፣ ዝም ብሎ ከገባ ሰፍቷል፣ ኮላ ደግሞ ክፍተት የሚሞላ ነገር አይደለም። ወንዴው ጎን ላይ ስስ የእንጨት ልጣጭ ለጥፉበት፣ ሲደርቅ በመሮ እያነሳችሁ ልክ እስኪመጣ ሞክሩት። ከዛ ሁለቱንም ወገን ቀብታችሁ በሞርሳ አጥብቁ፣ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት፣ 24 ሰዓት ሳይሞላ ግን ማንም አይቀመጥበት።

የተቆረጠ አፍን ከሌላ እንጨት ጎን ጋር በኮላ ብቻ ገጥማችሁ ከሆነማ ጥገና አትድከሙ፣ አፉ ኮላውን ይመጠዋል፣ ወንዴና ሴቴ አድርጋችሁ እንደገና ስሩት።

ጠረጴዛው አንድ እግሩን ያነሳል

መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት ጠረጴዛውን ሩብ ዙር አዙሩት። የሚንጠለጠለው ያው እግር ከሆነ ችግሩ የጠረጴዛው ነው፣ አሁን ሌላ እግር ከተንጠለጠለ ግን ወለሉ ነው፣ እግር የምትቆርጡበት ምክንያት የለም። የጠረጴዛው ከሆነ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አቁሙት፣ አጭሩ እግር ስር ሽብልቅ አስገብታችሁ በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ከዛ እርሳስ በአንድ ቁራጭ እንጨት ላይ ጋድም አድርጋችሁ በአራቱም እግር ዙሪያ በአንድ ከፍታ አስምሩና እዛ ላይ ቁረጡ። አንዱን እግር እየሞከሩ መቁረጥ ማለቂያ የለውም፣ ጠረጴዛ ተብሎ የተጀመረው በርጩማ ሆኖ ያርፋል።

መሳቢያው አልሳብ አለ

ጎኖቹ ላይ እርሳስ ቀቡና አስገብታችሁ አውጡት፣ እርሳሱ የተፋቀበት ቦታ ነው የሚነካው። እዛው ብቻ በስሱ ላጉ፣ ሻማ እሹበት። የሚጣበቀው በእርጥብ ወቅት ብቻ ከሆነ ግን ብዙ አትላጉ፣ ሲደርቅ እየተንገጫገጨ ያናድዳችኋል። ጎኖቹ ሳይነኩ አንድ ጥግ ብቻ ከያዘ ሳጥኑ ከስኳድራ ወጥቷል፣ ማለትም ጥጎቹ ቀጥ ያለ ማዕዘን አይደሉም። ሁለቱን ሰያፍ ርዝመቶች ለኩ፣ እኩል መሆን አለባቸው። ይሄን ኮላው እርጥብ እያለ መለካት ነው የሚሻለው፣ ያኔ በረጅሙ ሰያፍ በኩል በሞርሳ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

መላጊያው ይቦጭቃል

ወይ ስለቱ ደንዝዟል ወይ ከጅማቱ በተቃራኒ እየገፋችሁ ነው። ጣውላውን አዙራችሁ ሞክሩ። በሁለቱም በኩል ከቦጨቀ ጅማቱ የተወሳሰበ እንጨት ነው፣ ምላጩን ሳሉና በጣም ስስ አድርጋችሁ ላጉ፣ የቀረውን በብረት መፋቂያ ጨርሱ።

ቀለሙና ቫርኒሹ አላምር አለ

ቀለም ያልገባበት ገርጣ ያለ ነጥብ የተንጠባጠበ ኮላ ነው። ፍቃችሁ አንሱት፣ ከዛ ነጥቡን ብቻ ሳይሆን ጣውላውን በሙሉ እንደገና ቀቡ፣ አለበለዚያ ጥገናው ያስታውቃል። ክብ ክብ ጭረት ከታየ የብርጭቆ ወረቀት ደረጃ (ቁጥሩ ሲጨምር እየላመ ይሄዳል) ዘላችኋል፣ ከ80 ቀጥታ 220 አይኬድም፣ በመሀል 120 እና 180 አሉ። በየደረጃው ጣውላው ላይ በእርሳስ ሞነጫጭራችሁ እሱ እስኪጠፋ አሹ። ቫርኒሹ አረፋ ካወጣ ቆርቆሮውን ነቅንቃችሁታል፣ በእንጨት ቀስ ብሎ ነው የሚማሰለው፣ ሲደርቅ በ320 አሹትና በስሱ ድገሙ። የተረጨ ላከር ነጭ ዳመና ከለበሰ ቀኑ እርጥብ ነበር፣ በደረቅ ቀን ቲነር በስሱ ስትረጩበት ብዙ ጊዜ ይጠራል።

የተልባ ዘይት ቀብታችሁ ከሰነበተ በኋላም ከተጣበቀ ብዙ ቀብታችኋል፣ ከቀባችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ትርፉ በጨርቅ ተጠርጎ መነሳት ነበረበት። ጨርቁን ግን ጨምድዳችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ። ይሄ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፣ የተጨመደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ክብሪት ሳይነካው ራሱ ሊነድ ይችላል። ደጅ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ የሞላ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት።