ባለ ንድፍ ኮርኒስ በሬቪት፦ የሚያስቸግሩ ነገሮችና መፍትሄያቸው

ሬቪት በተባለው የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር ላይ ለኮርኒስ ንድፍ ማውጫ ሁለት መንገድ አለ፤ በማቴሪያሉ ላይ መስመር መሳል፣ ወይም ዕቃውን ራሱን ከነውፍረቱ መሥራት። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ሁለቱ ሲምታቱ ነው። ለምሳሌ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለሚሠራ ሎጅ የሎቢው ኮርኒስ እንደ ሲዳማ የቀርከሃ ቤት ሽመና ይሁን ቢባል፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሽመናው ጥልቀት አለው ወይስ ጠፍጣፋ ነው የሚለው ነው።

ስኬል ሲቀየር የፓነሉ መጠን አብሮ ይቀየራል

ፓተርኑ፣ ማለትም በማቴሪያሉ ላይ የሚደጋገመው የመስመር ንድፍ፣ የተፈጠረው በድራፍቲንግ ዓይነት ነው። ድራፍቲንግ ለወረቀት ነው፤ መጠኑ ከስኬሉ ጋር ይሄዳል። ማኔጅ፣ አዲሽናል ሴቲንግስ፣ ፊል ፓተርንስ ውስጥ ገብተው ሞዴል የሚለውን መርጠው አዲስ ይፍጠሩ፤ ክሮስሃች (ተሻጋሪ መስመሮች) ያድርጉና ሁለቱንም ርቀት 600 ሚሊሜትር ይስጡ። ከዚያ በኮርኒሱ ማቴሪያል ግራፊክስ ገጽ ሰርፌስ ፓተርን ላይ ይተኩት።

ከውጭ የመጣ የፓተርን ፋይል አልገባም ይላል፣ ወይም ገብቶ ምንም አይታይም

አልገባም ካለ ፋይሉን በኖትፓድ ይክፈቱ። ከንድፉ ስም ቀጥሎ በሴሚኮሎንና በፐርሰንት ምልክት የሚጀምር፣ ታይፕ እኩል ይሆናል ሞዴል (;%TYPE=MODEL) የሚል መስመር ሊኖር ይገባል። እሱ ከሌለ ሬቪት ፋይሉን እንደ ድራፍቲንግ ያየዋል፤ በሞዴል ስር አያስገባውም። ገብቶ የማይታይ ከሆነ ግን ጣጣው የመለኪያ ነው፤ በሚሊሜትር የተጻፈ 600 እንደ ኢንች ሲነበብ 15,240 ሚሊሜትር ይሆንና ክፍሉ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ ላይወድቅ ይችላል። በፋይሉ አናት፣ በእነዚያው ምልክቶች ጀምረው፣ ዩኒትስ እኩል ይሆናል ኤምኤም (;%UNITS=MM) ብለው ይጻፉ። ከመጨረሻው መስመር በኋላ ኢንተር መምታት አይዘንጉ።

እንደ ጡብ ድርድር ግማሽ በግማሽ የሚፈራረቅ 1200 በ600 ንድፍ የሚያወጡት ሁለቱ መስመሮች እነዚህ ናቸው፦

0, 0,0, 0,600
90, 0,0, 600,600, 600,-600

የመጀመሪያው ቁጥር የመስመሩ አቅጣጫ በዲግሪ ነው። ቀጥለው ያሉት ሁለቱ መነሻ ነጥብ ናቸው። ከዚያ የሚመጡት ሁለቱ ቀጣዩ መስመር ወደ ፊት ምን ያህል እንደሚንሸራተትና ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራሉ። የመጨረሻዎቹ ደግሞ 600 ይሳል፣ 600 ይዘለል ማለት ናቸው። ሁለተኛው መስመር ላይ መንሸራተቻውን 0 ቢያደርጉት ፍርርቁ ይጠፋል፤ አንዱ ረድፍ 600 በ600 ፓነሎች ይይዛል፣ ቀጣዩ ደግሞ ያለ ቁም መስመር ባዶ ይቀራል።

ግድግዳው ጥግ ቀጫጭን ቁራጭ ይቀራል

7,300 ስፋት ያለው ክፍል መሃሉ ላይ መስመር ካረፈ በየጎኑ 6 ሙሉ ፓነልና 50 ሚሊሜትር ቁራጭ ይወጣል። ይህን ቁራጭ ጂፕሰም ሠሪው በንጽህና ሊቆርጠው አይችልም፤ ቢቆርጠውም ጠርዙ ይፈረፈራል። ማውሱን ከንድፉ መስመሮች በአንዱ ላይ አድርገው መስመሩ ብቻውን እስኪመረጥ ታብ ይምቱና በሙቭ 300 ያንሸራቱት። አሁን መሃሉ ላይ የሚያርፈው ፓነል ነው፤ 11 ሙሉ ፓነል ይገባና በየጎኑ 350 ይቀራል። ይህ ስሌት ሥዕሉ ሳይት ከመውረዱ በፊት ለእያንዳንዱ ክፍል በሁለቱም አቅጣጫ መሠራት አለበት፤ ስፖት ላይቶቹም ከዚያ በኋላ ነው የሚቀመጡት።

ኮርኒሱ ሲሊንግ ፕላን ላይ የለም

ከት ፕሌኑ፣ ማለትም ፕላኑ የሚቆረጥበት ከፍታ፣ ከኮርኒሱ በላይ ሆኗል። ይህ ፕላን ከተቆረጠበት ወደ ላይ ስለሚያይ፣ 2,300 ላይ ከተቆረጠ 2,200 ላይ ያለው የመጸዳጃ ቤት ኮርኒስ አይታየውም። ቪው ሬንጅ ውስጥ ዝቅ ያድርጉት።

ህትመቱ ላይ ሽመናው ጥቁር ሆኖ ይወጣል

30 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የሽመናው ቅንጣቢ በ1፡100 ወረቀት ላይ 0.3 ሚሊሜትር ነው፤ መስመሮቹ ይደራረባሉ። በዚያ ስኬል በቪዚቢሊቲ ግራፊክስ በኩል የሲሊንጉን ፓተርን ያጥፉና ሽመናውን በ1፡20 ዝርዝር ያሳዩ፤ 1.5 ሚሊሜትር በቂ ነው።

ፕላኑ ላይ ያምራል፣ ሴክሽንና 3ዲ ላይ ግን ጠፍጣፋ ነው

ሰርፌስ ፓተርን መስመር እንጂ አካል የለውም። ባለ ጉድጓድ ሳጥን ንድፍ ከሆነ ሩፍ ባይ ፉትፕሪንት ይክፈቱ፣ ስሎፕድ ግሌዚንግ (በግሪድ የሚከፈል የመስታወት ጣሪያ) ይምረጡ፣ ጠፍጣፋ እንዲሆን ዲፋይንስ ስሎፕ ያጥፉ። በታይፑ ውስጥ የሁለቱንም ግሪድ ሌይአውት ፊክስድ ዲስታንስ፣ ርቀቱን 1,200 ያድርጉ፤ ሳይሞላ ከቀረ አንድ ወጥ መስታወት ነው የሚያገኙት። ፓነሉን ኤምፕቲ ያድርጉትና 150 ጥልቀት፣ በየጎኑ 25 ስፋት ያለው መልየን (በፓነሎች መካከል የሚሄድ ዘንግ) ይስጡት። ከበላዩ ተራ ኮርኒስ ይኑር፤ በሲሊንግ ላይ ብቻ የሚያርፉ መብራቶች ስሎፕድ ግሌዚንግ ላይ አይቀመጡም። በሰንጠረዥ ውስጥ የሚቆጠረው ከጣሪያ ጋር ስለሆነ፣ ቆርቆሮ ሲሰላ በታይፕ ስሙ ፊልተር ይውጣ።

ተጠላልፎ የሚሄደውን ሽመና ግን ግሪድ አይችለውም። 600 በ600 አንድ ክፍል በጄኔሪክ ሞዴል ፋሚሊ (ለብቻው በሚሠራ የዕቃ ፋይል) ይሠራና በአሬይ ይደገማል። በሞዴል ኢንፕሌስ፣ ማለትም በቀጥታ ፕሮጀክቱ ውስጥ፣ ተሠርቶ ኮፒ ከተደረገ እያንዳንዱ ኮፒ ለብቻው ይቆማል፤ ባለቤቱ የቅንጣቢውን ስፋት ቀይሩ ያለ ቀን ሁሉንም አንድ በአንድ መክፈት ሊኖርብዎት ነው።