ሲመሽ ፍጥነት የሚያጋንነው ካሜራዬ

ሁለት ሳምንት ያናደደኝ ነገር በመጨረሻ ተፈታ። ከበረንዳ ላይ በስልክ እየቀረጽኩ በፓይተን የኮድ ቋንቋና ኦፕንሲቪ በሚባል ቪዲዮ የሚያነብ የኮድ ስብስብ የመኪና ፍጥነት የሚለካ ኮድ ሠርቼ ነበር፣ ቀን ላይ አሪፍ ነው ሲመሽ ግን ጓደኛዬ ጂፒኤስ እያየ በ40 እየነዳ ኮዴ 50 ይለኛል። መጀመሪያ መኪናው የሚያልፍባትን፣ አስፋልቱ ላይ የለካኋትን 20 ሜትር ጠረጠርኩ፣ ወርጄ ደግሜ ለካሁ፣ ያው ናት። ለካ ጉዱ ያለው ስልኩ ጋ ነው! ብርሃን ሲቀንስ ሳይነግረኝ በሰከንድ ከ30 ፍሬም (የቪዲዮው ነጠላ ምስል) ወደ 24 ይወርዳል፣ እኔ ደግሞ ኮዱ ላይ 30 ብዬ ጽፌ ቁጭ ብያለሁ። 20 ሜትር በ40 ሲኬድ 1.8 ሰከንድ ነው፣ በ24 ሲቀረጽ 43 ፍሬም ይሆናል፣ ያንን ለ30 ስታካፍለው 1.43 ሰከንድ፣ በቃ 50 ወጣልህ።

ፍሬም መቁጠሩን ትቼ የእያንዳንዱን ፍሬም ታይምስታምፕ (የተቀረጸበትን ቅጽበት) ማንበብ ጀመርኩ፣ ሁለት መስመር ኮድ ናት። እግረ መንገዴን የምከተለውን ነጥብ ኮዱ መኪናው ዙሪያ ከሚስለው ሳጥን መሃል ወደ ጎማው ስር አወረድኩት፣ ሆሞግራፊው (ምስሉ ላይ ያለን ነጥብ አስፋልቱ ላይ ወዳለ ቦታ የሚቀይረው ስሌት) ልክ የሚሆነው መሬት ላይ ላለ ነጥብ ብቻ ስለሆነ ረጃጅም ሚኒባሶች ያሳስቱኝ ነበር። አሁን ማታም 39 ወይ 41 ነው የሚለኝ፣ ለበረንዳ ሥራ ምን ይወጣለታል።