የጌጁ ቁጥር አልገጥም ሲል፦ ባር፣ ፒኤስአይ፣ ሜትርና ቫኪዩም በባሕር ዳር

ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ተበላሽቷል ከማለት በፊት ሁለት ነገር ይታይ፦ ቁጥሩ የየትኛው መለኪያ ነው? ዜሮውስ ከየት ይነሳል? ማባዛቱ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

ችግር፦ ጎማው «በልኩ» ተሞልቶ ለስልሶ ወይም ከመጠን በላይ ጠጥሮ ይገኛል።
ምክንያት፦ የጎማ ጌጅ ብዙውን ጊዜ ሁለት ረድፍ ቁጥር አለው፤ አንዱ ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች)፣ ሌላው ባር ወይም ጎሚስታዎች «ኪሎ» የሚሉት (ኪሎግራም በካሬ ሴንቲሜትር)። የመኪናው በር ላይ የተለጠፈው 230 ደግሞ ኪሎፓስካል ነው።
መፍትሄ፦ 230 ኪሎፓስካል 2.3 ባር ነው፤ 33 ፒኤስአይ ገደማ። ባርን ወደ ፒኤስአይ በቃል ለመቀየር በ10 ያባዙ፣ የውጤቱን ግማሽ ይደምሩ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ቁጥር ግማሽ ይቀንሱ። ለ2.4 ባር፦ 24 ሲደመር 12፣ ሲቀነስ 1.2፤ 34.8 ይመጣል። ኪሎና ባር የሚለያዩት በ2 በመቶ ብቻ ስለሆነ ለጎማ አያስጨንቅም። ቀትር ላይ ሲሮጥ የዋለ ባጃጅ ጎማው ግሎ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ንፋስ አያስተንፍሱ፣ ሲቀዘቅዝ ይለኩ።

ችግር፦ ፓምፑ ላይ 30 ተጽፎ ጌጁ 42 ያሳያል።
ምክንያት፦ 30ው ውሃው የሚወጣበት ከፍታ በሜትር ነው። አንድ ሜትር ውሃ 1.42 ፒኤስአይ ነው።
መፍትሄ፦ ሜትሩን በ1.42 ያባዙ። 6 ሜትር ላይ የተሰቀለ ታንከር ቧንቧው ጋ ከ8.5 ፒኤስአይ በላይ አይሰጥም።

ችግር፦ የመስኖ ፓምፕ ግንቦት ላይ ውሃ መሳብ ያቆማል።
ምክንያት፦ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው አየሩ ነው። የአየር ግፊት በባሕር ወለል 101.3 ኪሎፓስካል፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር ግን 81.5 አካባቢ ነው። ስለዚህ በሐሳብ ደረጃ እንኳ ውሃ የሚመጠጥበት ከፍታ ከ10.3 ሜትር ወደ 8.3 ይወርዳል። በበጋ ሐይቁ ሲሸሽ ፓምፑ ዳገት ላይ ይቀራል።
መፍትሄ፦ መመሪያው ከሚለው የመምጠጫ ከፍታ 2 ሜትር ይቀንሱና ፓምፑን ወደ ውሃው ያውርዱ። የመግፊያውን ቱቦ ማርዘም ይሻላል።

ችግር፦ ፍሪጅ ሲጠገን የቫኪዩም ጌጁ (አየሩ ከቱቦው ምን ያህል እንደወጣ በኢንች ሜርኩሪ የሚለካው) 24 ላይ ቆሞ 30 አልደርስ ይላል።
ምክንያት፦ ብዙ ሰው ቀዳዳ ፍለጋ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ጌጁ የሚያነበው ከአካባቢው አየር ያለውን ልዩነት ነው፤ 81.5 ኪሎፓስካል ደግሞ 24 ኢንች ሜርኩሪ ብቻ ነው። ከዚያ በታች የሚወርድበት የለም።
መፍትሄ፦ ቫልቩን ዘግተው 20 ደቂቃ ይጠብቁ። መርፌው ወደ ዜሮ አቅጣጫ መመለስ ከጀመረ ቀዳዳ ወይም እርጥበት አለ። ካልተነቃነቀ ትልቅ ቀዳዳ የለም፤ ጥቂት ቀሪ እርጥበትን ግን የመርፌ ጌጅ አያሳይም። በማይክሮን (በጣም ትንሽ የግፊት መለኪያ) የሚለካ ጌጅ ከፍጹም ዜሮ ስለሚነሳ 500 የትም 500 ነው።
የፍሪጅ ጋዝ በየሙቀቱ ያለውን ግፊት የሚያሳየው ሠንጠረዥም እንዲሁ በባሕር ወለል የተሰላ ነው። አር134ኤ የተባለው የፍሪጅ ጋዝ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 27.8 ፒኤስአይ ይላል፤ ባሕር ዳር ላይ ጌጁ 30.7 ሊያሳይ ይገባል። ሠንጠረዡ ላይ 2.9 ይደምሩ፣ ጋዝ አይቀንሱ።