የቮልስ ሞተር ቤት ገመድ እንዴት ይደበቃል?

የድሮ ቮልስ የኋላ ኮፈን ሲከፈት መታየት ያለበት ሞተሩ ነው። ጥቁሩ የማራገቢያ ላሜራ፣ መሃል ላይ ዲናሞው፣ አጠገቡ ካርቡሬተሩ። አዲስ አበባ ውስጥ የምንከፍታቸው ብዙዎቹ ግን ቀድሞ የሚታየው ገመዳቸው ነው። ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ የቤት መብራት የሚዘረጋበት ነጭ ገመድ ሳይቀር በናስትሮ ተጠቅልሎ ይገኛል። መኪናው ሃምሳ ዓመት ሲሄድ የነካካው ሁሉ የራሱን ጨምሮበታል።

እኔ የመኪና ኤሌትሪክ ሰራተኛ ነኝ። «ገመዱን ደብቅልኝ» ተብዬ ስጠራ መጀመሪያ የማደርገው መቀነስ ነው። ከሞተር ቤት ከሚወጣው ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ስራ የለውም። ከተነሳ ቆየት ያለ ጥሩምባ፣ የተበላሸ አላርም፣ የት እንደሚደርስ ማንም የማያውቀው ሽቦ። እሱን ሳታወጡ ብትሸፍኑት ችግሩን ነው የምትሸፍኑት።

ስራው ከኋላ ወንበር ይጀምራል። የቮልስ ባትሪ እዚያ ስር በቀኝ በኩል ነው። ወንበሩን አንሱና ኔጌቲቩን ፍቱ። ኔጌቲቭ ሁልጊዜ ቀድሞ ይፈታል፣ መጨረሻ ላይ ይታሰራል። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ መፍቻው ቦዲውን ከነካ ብልጭታው እጃችሁ ላይ ነው።

ከዚያ ስልካችሁን አውጡና ሁሉንም ፎቶ አንሱ። ወረቀት ላይም ሳሉት። በፋብሪካው አሰራር ባለ 12 ቮልት ዲናሞ ያለው ቮልስ ሞተር ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ገመድ በጣም ጥቂት ነው። የዲናሞውን ቮልት ከሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ወደ ዲናሞ የሚመጡ ገመዶች አሉ፤ ወፍራሙ ዲናሞው ላይ ዲ ፕላስ (D+)፣ ቀጭኑ ዲኤፍ (DF) የተባለው ጫፍ ላይ ይገባሉ። ቁልፍ ሲከፈት እሳት (የባትሪ ኃይል) የሚያገኝ ጥቁር ገመድ ለሻማዎቹ ከፍተኛ ቮልት ወደሚሰራው ቦቢና 15 ቁጥር ይመጣል። ከዚያው ከቦቢናው አንድ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቤንዚን ወደሚያበዛው ቾክ፣ አንድ ደግሞ ካርቡሬተሩ ላይ ወዳለችው፣ ቁልፍ ሲዘጋ የሚኒሞውን ቤንዚን ወደምታቆመው የሚኒሞ ቫልቭ ይሄዳል፤ ቫልቯ ከሌላችሁ አንዱ ቀረላችሁ። ከቦቢናው 1 ቁጥር ወደ ዲስትሪቢዩተር አጭር ገመድ። ከዘይት ግፊት መለኪያው ወደ ዳሽቦርዱ መብራት አንድ ቀጭን። ኮፈኑ ላይ ላለው የታርጋ መብራት አንድ። ከእነዚህ ውጭ የሆነውን በቴስተር ተከታትላችሁ መነሻውን ፈልጉ። ስራ ከሌለው ከመነሻው ንቀሉት። ጫፉን ቆርጦ ናስትሮ መጠቅለል ንቅለት አይባልም።

የጀርመኖቹ ቀለም እዚህ ይረዳችኋል። ቀይ ምንጊዜም እሳት አለው። ጥቁር ቁልፍ ሲከፈት ነው። ቡናማ ከቦዲ ጋር የሚያያዘው ኔጌቲቭ ነው። ገመድ ስትቀይሩ ይህን ቀለም ጠብቁ። ለውበት ብሎ ሁሉንም ጥቁር የሚያደርግ ሰው አለ። ያምራል፤ ግን ማታ መንገድ ላይ ሲቆም የሚረዳው ሰው ምን ከምን ይለያል? የግድ ጥቁር ካላችሁ ሁለቱም ጫፍ ላይ ቁጥር አድርጉበት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ባትሪው ገመድ። ወፍራሙ ፖዘቲቭ ከባትሪው ተነስቶ በወለሉ ቀዳዳ ወርዶ ካምቢዮው ጎን ያለው፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ላይ ይታሰራል። ፋብሪካው ራሱ ደብቆታል፤ አዲስ መንገድ አትፈልጉለት። የሚያስፈልገው ጥሩ ገመድ ነው። ለ12 ቮልት ከ25 ካሬ ሚሊሜትር አትቀንሱ፣ 35 ቢሆን ይመረጣል። ሶማሌ ተራ ስትገዙ ላስቲኩ ወፍራም ስለሆነ አትታለሉ። ጫፉን ቁረጡና አንዷን ክር በቢላ ፋቋት። ውስጧ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ መልሱለት። ጫፉ ላይ የሚገባው መዳብ በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ይጨመቅ። በመዶሻ የተቀጠቀጠ ጫፍ ለጊዜው ያስነሳል፣ ሲቆይ ግን ይላላና ይግላል።

ወለሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ጎማ ይኑረው። ይህ ገመድ ፊውዝ የለውም። ላሜራው ላስቲኩን ቀስ እያለ ከቆረጠው መዳቡ ቦዲ ይነካል፣ ያኔ የሚያቆመው ነገር የለም። ከስር ደግሞ በየ30 ሳንቲሜትሩ በላሜራ ማቀፊያ ያዙት። ከፍሪሲዮን ገመድና ከማሞቂያው ቱቦ ይራቅ።

ስለ ወንበሩ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የቮልስ የኋላ ወንበር ውስጡ የብረት ሞላ ነው። ገበያ ላይ የተገኘ ረጅም ባትሪ ሲገባበት ሞላው ከባትሪው ጫፎች በላይ በጣት ያህል ብቻ ይቀረዋል። ሶስት ሰው ኋላ ሲቀመጥ ሞላው ይወርድና ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል። የወንበሩ መሙያ ደረቅ ነገር ስለሆነ ወዲያው በእሳት ይያያዛል። ወንበሩን ገልብጣችሁ እዩት፤ ሞላው ላይ ጠቆር ያለ ወይም የቀለጠ ነጥብ ካለ ቀድሞ ነክቷል ማለት ነው። ቁመቱ አጠር ያለ ባትሪ ግዙ፣ በማሰሪያው ከወለሉ ጋር እሰሩት፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ ክዳን አድርጉ። ክዳን ካጣችሁ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ በልኩ ቁረጡ። ካርቶን አይሆንም።

ኔጌቲቩም ሁለት ቦታ እንዳለው ብዙ ሰው ይረሳል። አንዱ ከባትሪው ወደ ቦዲ ነው። ሁለተኛው የተጎነጎነ ጠፍጣፋ ሽቦ ሆኖ ካምቢዮውን ከቦዲው ጋር ያገናኛል። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ነው የተቀመጡት፤ ይህ ሽቦ ከተበጠሰ የሞተሪኖው ኃይል በነዳጅ መስጫውና በፍሪሲዮኑ ገመድ ለመመለስ ይሞክራል። እነሱ ይግላሉ፣ መኪናው ደግሞ እየደከመ ይነሳል። ከስር ገብታችሁ እዩት። አረንጓዴ ዝገት ካለበት ቀይሩት፣ የሚታሰርበትን ብረትም እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ።

ሞተር ቤት ስንገባ ስራው ይቀላል። የሚመቸው ጊዜ ሞተሩ ለፍሪሲዮን ሲወርድ ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያዘው በ4 ብሎን ስለሆነ ማውረዱ የሚፈራ አይደለም። ሞተሩ ከሌለ ግድግዳው ባዶ ነው፣ እጃችሁም ይገባል። ገመዶቹን በግራ በኩል ሰብስቡ፣ በግድግዳው ላይኛው ጠርዝ ውሰዱ፣ ከማራገቢያው ላሜራ ጀርባ ወደ ዲናሞው አምጡ። ከፊት ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያየው የመጨረሻዋን አንድ ስንዝር ብቻ ይሆናል። የቾኩ ገመድ ከካርቡሬተሩ ጀርባ ይዙር እንጂ ከላይ አይለፍ።

ገመዶቹን የምታስገቡበት ልሙጥ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ፋብሪካው የተጠቀመው እሱን ነው። ባለ ቀለበቱ ቱቦ ርካሽ ነው፣ ግን አቧራና ዘይት ይሰበስባል፣ ቮልሱንም አዲስ መኪና ያስመስለዋል። ተራ ናስትሮ በሞተሩ ሙቀት ማጣበቂያው ይቀልጥና ይለቃል፤ የጨርቁን ተጠቀሙ፣ እሱንም ጫፍ ጫፉ ላይ። ግንኙነቱን በመጭመቅ ስሩ። በሊድ የተበየደ ገመድ ንዝረት ባለበት ቦታ ሊዱ ካለቀበት ላይ ይሰበራል።

ሶስት ቦታ ገመድ አይቅረብ፦ የነዳጅ መስጫው የሚንቀሳቀስበት፣ ቺንጊያው የሚዞርበት፣ የቤንዚን ጎማው። የመጨረሻው ቀልድ የለውም። ቮልስን ብዙ ጊዜ የሚያቃጥለው የደረቀ የቤንዚን ጎማ ነው፤ አጠገቡ ብልጭታ የሚያወጣ ገመድ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ጎማው ከተሰነጠቀ የገመዱን ስራ አቁሙና እሱን ቀይሩ።

ሞተሩን የከበቡት ላሜራዎች ላይ ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጎማው ይግባበት። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ክፍት ቀዳዳ ከስር ያለውን የጋለ አየር ወደ ላይ ያሳልፋል፣ ማራገቢያውም ያንኑ መልሶ ይስበዋል። ለገመድ ብላችሁ አዲስ ቀዳዳ አትብሱ።

መኪናችሁ ገና 6 ቮልት ከሆነ መንገዱ ያው ነው፣ ገመዱ ግን ይወፍር። ቮልቱ ሲያንስ አምፔሩ ስለሚጨምር ቀጭን ገመድ ይበላዋል።

ሲያልቅ ኔጌቲቩን እሰሩና ቁልፉን ክፈቱ። የዘይትና የዲናሞ መብራት መብራት አለባቸው፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት። ከዚያ ቴስተሩን 20 ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ገመዱ የታሰረበት የሞተሪኖ ብሎን ላይ ያዙና ሰው ያስነሳላችሁ። በሚዞርበት ጊዜ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ወይም ጫፉ ጥሩ አይደለም። ያንኑ በኔጌቲቩ በኩል ድገሙት፦ አንዱ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው ካምቢዮው ላይ።

ሞተሩ እየሰራ ገመዶቹን አንድ በአንድ ወዝወዝ አድርጉ። ድምፁ ከተለወጠ የላላው ያ ነው። የታርጋ መብራቱ ገመድ ከኮፈኑ ጋር ስለሚንቀሳቀስ ማጠፊያው ጋ ትርፍ ተዉለት፤ ኮፈኑን ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ፣ የሚወጠር ከሆነ አሁኑኑ አላሉት።