ያረጀው ቡና ይጎንደል አይጎንደል? ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ሆኖ መምከር

ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይ፣ ክላውድና መሰል የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች ወስኑልኝ ሲባሉ ብዙም አያንገራግሩም፤ ማሳውን ሳያዩ በአንድ ደቂቃ ምክር ያወርዳሉ። ትልቁ ጥቅማቸው ግን ቤተሰቡ ያላሰበውን ጥያቄ ማንሳት ነው። አሠራሩን በጅማ ዙሪያ፣ በማናና በጎማ ቡና አምራች ሁሉ በሚያውቀው ጉዳይ፣ ያረጀ ቡና በመጎንደል (አዲስ እንዲያቆጠቁጥ ግንዱን ዝቅ አድርጎ በመቁረጥ)፣ እናሳያለን። የተቆረጠ ግንድ አይቀጠልም፤ ደህና ምርት እስኪመለስም ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ መምከሩ ያዋጣል።

መጀመሪያ ደብተር

ስልኩ ከመነካቱ በፊት ቤተሰቡ ተነጋግሮ አንዱ ይጻፍ፤ የምንወስነው ምንድን ነው? ልባችን ወዴት አዘንብሏል? ለምን? ቢበላሽ ምን ይጎዳናል? ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ሲዘለል ግን ከስልኩ የመጣው የመጀመሪያ መልስ የራስ ሐሳብ መስሎ ቁጭ ይላል፤ በኋላ የማን እንደነበር መለየት ያስቸግራል።

ማሳውን ማስረዳት

የዛፉን ዕድሜ፣ የእግሩን (የቡናውን ዛፍ) ብዛት፣ የጥላውን ዓይነት (ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብሳና)፣ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ምርት፣ በቤት ያለውን ጉልበትና ከቡና ውጪ ያለውን ገቢ አስገቡ። ዝርያው እንደ 74110 ወይም 74112 ያለ በቁጥር የሚጠራ የምርምር ዝርያ ከሆነ ቁጥሩን ጥቀሱ። የመሬት ይዞታ ደብተር ፎቶ፣ ስምና የባንክ ቁጥር ግን አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ሦስት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ወቅት ነው። ማሽኑ ስለ ብራዚል ቡና ብዙ አንብቧል፤ እዚያ ለቀማው የሚጀምረው በግንቦት ገደማ ነው፣ የእኛ ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ነሐሴ ላይ ቁረጡ ካላችሁ የሌላ አገር ወቅት እየነገራችሁ ነው። በጅማ ጉንደላ ከለቀማ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ በጥርና በየካቲት ነው። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ «በ2010 የተተከለ» ብቻ ካላችሁት በፈረንጅ ቆጥሮ ዛፉን ሰባት ስምንት ዓመት ሊያስረጀው ይችላል። ሁለቱንም ዓመት ጻፉ። ሦስተኛው የሙያ ቃል ነው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይመልሳል፤ ሆኖም ጉንደላን ቅርንጫፍ ማራገፍ አድርጎ ሊወስደው ስለሚችል «ግንዱን ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ መቁረጥ» ብላችሁ ግለጹለት።

ከዚያ ይህን የመሰለ ትእዛዝ ስጡት፦ «አሁን ምክር አትስጠን። ውሳኔያችንን ሊያስቀይሩ የሚችሉ ሰባት ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠይቀን። መልሳችን ካልጠራልህ ደግመህ ጠይቅ። መጨረሻ ላይ እርግጠኛ የሆንክበትንና የገመትከውን ለይተህ ጻፍ።» «አንድ በአንድ» ካልተባለ ሰባቱን በአንዴ ያዘንባል፤ ሰውም ሁለቱን መልሶ ይሰለቻል። «እርግጠኛ ነኝ» ያለውንም አትመኑ፤ ስህተቱንም በዚያው ልበ ሙሉነት ይጽፈዋል። ዝርዝሩ የሚጠቅመው የትኛውን ነጥብ ከሰው ማጣራት እንዳለባችሁ ስለሚጠቁም ነው።

ስለ በሽታ ካልጠየቀ እናንተ አንሱት። ቡናን አጠውልጎ የሚያደርቀው በሽታ በዛፉ ቁስልና በመቁረጫው በኩል ይተላለፋል። የተያዘ እግር ተነቅሎ እዚያው ይቃጠላል እንጂ አይጎነደልም፤ መጋዙም ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዞር በእሳት ወይም በአልኮል መጽዳት አለበት። ይህን ሳያነሳ «ሁሉንም ጎንድሉ» የሚል ምክር ማሳ ሊያጠፋ ይችላል።

ሒሳቡን በእጅ

በ2 ሜትር በ2 ሜትር የተተከለ ግማሽ ሄክታር 1250 እግር ይይዛል፤ የደረቀው ወጥቶ 1200 ቀረ እንበል። አንዱ እግር በአማካይ 1.5 ኪሎ እሸት (ትኩስ ቀይ ፍሬ) የሚሰጥ ከሆነ፣ ሲሶውን (400 እግር) መጎንደል በዓመት 600፣ በሁለት ዓመት 1200 ኪሎ እሸት ያስቀራል። ለአንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ስለሚገባ የሚቀረው 200 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም ወደ 12 ፈረሱላ (አንዱ 17 ኪሎ) ነው። ማሽኑ እሸትን፣ ጀንፈልን (ከነልጡ የደረቀውን) እና የተፈለፈለውን ቡና አደባልቆ በአንድ ዋጋ ሲያባዛ ውጤቱ እስከ ስድስት እጥፍ ይዛባል። በእጅ የምንሠራው ለዚህ ነው።

ይሉኝታ የሌለው አስተያየት

እነዚህ ማሽኖች የጠያቂውን ስሜት ተከትለው ማዘንበል ይወዳሉ። አዲስ ውይይት ክፈቱና ዕቅዱን የጎረቤት አስመስላችሁ አቅርቡ፦ «ጎረቤታችን ሊጎነድል አስቧል፤ የሚያስቀሩት ምክንያቶች ምንድን ናቸው?» በሌላ ውይይት ደግሞ ባይጎነድል የሚደርስበትን ጠይቁ። ለሁለቱም ወገን እኩል ጥሩ ሰበብ ካቀረበ ከእሱ የሚገኘው አልቋል፤ ስልኩን አስቀምጡ።

ቀጥሎ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሰው ሂዱ። የልማት ሠራተኛውንና ማሳውን የሚያውቁ አባት ፊት «ኤአይ እንዲህ አለ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ክርክሩ ስለ ስልኩ ይሆንና ቡናው ይረሳል። ጥያቄዎቹን ብቻ አንብቡላቸው። አባባ «ያ ጥግ ክረምት ውሃ ይይዛል» ካሉ ከሰባቱም ጥያቄ የሚበልጥ ነገር አገኛችሁ ማለት ነው። የሰዎቹ ምክር ከተለያየ፣ ጅማ አጠገብ መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ።

ለመጎንደል ከተወሰነ በሲሶ ጀምሩ፤ ቁርጡ ውሃ እንዳያቁር በስል መጋዝ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ይሁን፣ ከሚያቆጠቁጠውም ሁለት ሦስት ጠንካራ ቀንበጥ ብቻ ይቅር። በዚያው ደብተር ላይ ቀኑን፣ የተቃወመውን ሰው ምክንያትና የጠበቃችሁትን ውጤት በቁጥር አስፍሩ፤ ለምሳሌ «ከ400ው 360ው ያቆጠቁጣል»። ሐምሌ ላይ ቆጥራችሁ ከጎኑ ጻፉ። በሚቀጥለው ጥር ሁለተኛው ሲሶ ከመነካቱ በፊት ገጹን በሙሉ ለማሽኑ አስገቡና ካሰባችሁት የራቀው የትኛው እንደሆነ፣ ለዚያም ከማን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ጠይቁት።