በአንድ እግር ቁጭ ብድግ እንዴት ይሰራል?

ቁጭ ብድግን የማያውቅ የለም። ትምህርት ቤት አርፍደን ስንደርስ ጆሯችንን ይዘን ሰርተነዋል። በአንድ እግር ሲሆን ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጂም ውስጥ ፒስቶል ስኳት ይሉታል፤ አንዱን እግር ወደፊት ዘርግቶ በሌላው እስከ ታች ወርዶ መነሳት።

ያቃተው ሁሉ ጭኑን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጣጣው ያለው ቁርጭምጭሚት ላይ ነው፣ እኔንም ወራት የፈጀብኝ እሱ ነው። ጫማችሁን አውልቁና ሁለቱን እግር አስጠግታችሁ ቁጢጥ በሉ። ተረከዝ ከመሬት ከተነሳ ወይም ወደኋላ ከወደቃችሁ ገና ናችሁ ማለት ነው። ግድግዳ ፊት ቆማችሁ የእግራችሁን አውራ ጣት ከግድግዳው 10 ሴንቲሜትር ያህል አርቁና ተረከዛችሁ ሳይነሳ ጉልበታችሁን ግድግዳው ላይ ለማስነካት ሞክሩ፤ ካልደረሰ በየቀኑ ይሄንኑ መደጋገም ነው። እስከዚያ ተረከዝ ስር ቀጭን ጣውላ ብታደርጉ ነውር የለውም።

ቀጥሎ ወንበር አምጡ። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ቁሙ፣ አንዱን እግር አንሱ፣ እጃችሁን ወደፊት ዘርጉና እስከ 5 እየቆጠራችሁ ተቀመጡ። ዘጭ ማለት የለም! በዚያው እግር ተነሱ። በእያንዳንዱ እግር 5 ጊዜ፣ 3 ዙር ሲቀላችሁ ወንበሩን ዝቅ ባለ ቀይሩ፣ በመጨረሻም በቡና በርጩማ።

ከበርጩማው መነሳት ስትችሉ እሱንም አንሱትና ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ በሁለት እጅ ወደፊት ዘርግታችሁ ያዙ። ክብደት ተጨምሮ ይቀላል ሲባል ግር ይላል፣ ግን መቀመጫችሁ ወደኋላ ሲጎትታችሁ ውሃው ከፊት ሚዛን ይጠብቅላችኋል። ጭን ከባት እስኪገናኝ ቀስ ብላችሁ ውረዱ፣ ታች ስትደርሱ ሰውነታችሁን አትልቀቁት፣ ተረከዛችሁን መሬት ላይ ተጭናችሁ ተነሱ። ጉልበት ወደ ውስጥ ከዞረ እዚያው አቁሙ፤ የእግር ጣቶች ወደሚያዩበት ነው መሄድ ያለበት። የተዘረጋው እግር ጭን ቢሸማቀቅ አትደንግጡ፣ እግሩን አየር ላይ የሚይዘው ጡንቻ ስላልለመደ ነው።

መነሳቱ እምቢ ካለ በአንድ እግር ወርዳችሁ በሁለት ተነሱ። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ይበቃል፣ መሃል ላይ እረፍት አድርጉ። ሁልጊዜ ከደካማው እግር ጀምሩ፤ ጠንካራው ደካማው የሰራውን ያህል ብቻ ይስራ። የጭን መዛል ያለ ነው፣ ጉልበት ውስጥ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን ተዉትና ሐኪም ይየው።